በፈቃዴ የላክሁት ፎቶ መሸማቀቂያዬ ሆነ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እጮኛዬ አጥብቆ ስለለመነኝ ገላዬን የሚያሳይ ፎቶ በቴሌግራም ልኬለት ነበር። አሁን ተለያይተናል፤ እርሱ ግን «ካልተመለስሽ ለወንድሞችሽ እልከዋለሁ» እያለ ያስፈራራኛል። በገዛ እጄ ያመጣሁት ስለሆነ ዛቻውን እንደ ቀኖና ቆጥሬ ልሸከመው? እስከዚያስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ መላክሽ ስሕተት እንደ ነበረ ራስሽ ስላመንሽ በዚያ ላይ ብዙ አልልም። ለእርሱ ንስሐ ግቢ። እኔን ያሳሰበኝ ዛቻውን እንደ ቀኖና መቁጠርሽ ነው። ብዙ ምእመናን፣ ይልቁንም እኅቶቻችን፣ አንድ ጊዜ የበደለ ሰው ሌላው ግፍ ቢሠራበት እንኳ አቤት ማለት የማይገባው ይመስላቸዋል። ቀኖና የሚሰጥሽ ግን የንስሐ አባትሽ እንጂ የሚያስፈራራሽ ሰው አይደለም፤ ፈርተሽ ወደ እርሱ ብትመለሺም ትሕትና አይሆንልሽም።

ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ዕራቁቱን በሆነ ጊዜ ስካሩ የራሱ ነበር። መርገሙ የወረደው ግን አይቶ በውጭ ለወንድሞቹ ባወራው በካም ቤት ላይ ነው፤ ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ የአባታቸውን ዕራቁትነት እንዳያዩ የኋሊት ሄደው ሸፈኑት (ዘፍ. 9፥20-27)። እንግዲህ ፎቶው ወንድሞችሽ ዘንድ ቢደርስ እንኳ፣ እንደ ካም ወይም እንደ ሴም ስለ መሆናቸው የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። «እኔ የደረሰኝን አስተላለፍሁ እንጂ አላነሣሁትም» የምትሉ ወንድሞችም ይህን ምዕራፍ ደግማችሁ አንብቡት፤ ካምም ያወራው ያየውን ብቻ ነበር።

አሁን ገንዘብም ሆነ ሌላ ፎቶ አትላኪለት፤ የዛቻ መልእክቶቹንም በድንጋጤ እንዳታጠፊያቸው፣ ማስረጃዎችሽ ናቸውና። ለንስሐ አባትሽና ለምታምኛት አንዲት ዘመድሽ ነግረሽ፣ ብቻሽን ሳትሆኚ ወደ ፖሊስ ሂጂ፤ በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ምስል አሰራጫለሁ ብሎ ሰውን ማስፈራራት በእስራት ያስቀጣል። ክርስቲያን ወንድሙን አይከስም የሚሉሽ ይኖራሉ። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ሮማዊነቱን ጠቅሶ በሕግ ተከላክሏል (ሐዋ. 22፥25)፤ ከዚህ ሰው እጅ ለመውጣት ሕግን መጥራትም በቀል አይደለም።

ስለ ቁርባን የጠየቅሽው፣ ፎቶው በእርሱ ስልክ መኖሩ ብቻውን ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙ አይከለክልሽም። የተሰጠሽን ቀኖና ፈጽመሽ፣ የንስሐ አባትሽ በፈቀዱልሽ ቀን ቅረቢ።