ፈቃዱ ከሆነ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው? ከጅማና ከአካባቢዋ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ሰው ድካምና ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነት ምእመናን በጽሑፍ ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሁሉም በእግዚአብሔር ፈቃድ የሚሆን ከሆነ ሰው በምን ይጠየቃል? «ዕድሌ ነው» ብሎ መቀመጥ አይሻልም?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚደናገረው «ፈቃድ» በሚለው ቃል ነው። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። በዛሬ አማርኛችን ግን «ፈቀደ» ስንል በአብዛኛው አልከለከለም ማለታችን ነው። «ይኩን ፈቃድከ» ብለን ስንጸልይ የምንለምነው እርሱ የሚወደው እንዲሆን ነው። ሌባ ቤት ሲሰብር ግን እግዚአብሔር አልከለከለውም እንላለን እንጂ ወደደለት አንልም። ሁለቱን ካልለየን ክፋትን ሁሉ በእርሱ ላይ እናላክካለን።

ዕድል ደግሞ ሌላ ነው፤ ጆሮ የለውም፣ ቢለምኑት አይሰማም። ኢሳይያስ 38ን አንብብ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ትሞታለህ ተባለ፤ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። በዚያው ምዕራፍ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ ያዝዛል። የእግዚአብሔር ውሳኔ፣ የሰው እንባና መድኃኒት አብረው ናቸው። ሲራክ 15ም እሳትና ውኃ በፊትህ ተቀምጠዋል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ትሰድዳለህ ይላል።

አስቀድሞ ማወቅም ማስገደድ አይደለም። ጌታ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ እንደሚክደው ነገረው፤ የካደው ግን ጴጥሮስ በገዛ አንደበቱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የፈርዖንን ልብ ያጸናው እግዚአብሔር አይደለም?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ተከተዪ። በዘጸአት 8 መጨረሻ ላይ ልቡን ያደነደነው ራሱ ፈርዖን ነው። «እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና» የሚለው 9፥12 ላይ፣ ከስድስተኛው መቅሠፍት በኋላ ይመጣል። 9፥34 ላይ ደግሞ እንደገና ራሱ አደነደነ ይላል። አስቀድሞ አጸናዋለሁ መባሉ እውነት ነው (4፥21)፤ ነገር ግን ፈርዖን ያልመረጠው ነገር አልተጫነበትም። በመረጠው ተተወ።

ጥያቄ (ከጌራ)፦ የቡናዬ ፍሬ ገና ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፋል። የእግዚአብሔር ቁጣ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ይህ የቡና ፍሬ በሽታ ይመስላል፤ በፈንገስ የሚመጣ፣ ቀዝቃዛና ዝናባማ ደጋ የሚስማማው ነው። ምልክቱ በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። የደረቀውን ፍሬ ከዛፉ ላይ ይልቀሙ፤ ጥላው ከበዛ ያሳሱ፣ ነፋስ ይግባበት። ሲተክሉ በሽታውን የሚቋቋሙትን፣ እንደ 74110 እና 74112 ያሉትን የቡና ዝርያዎች ይጠይቁ፤ መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። ዘሩን መርጦ ያወጣው የሰው እጅም በእግዚአብሔር መግቦት (ፍጥረቱን በሚመግብበትና በሚጠብቅበት ሥራ) ውስጥ ነው።

ስለ ቁጣው፦ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ ጌታ «ከሌሎች ይልቅ በደለኞች አልነበሩም» አለ (ሉቃ. 13)። በዚያው ግን ሰሚዎቹን ሁሉ ለንስሐ ጠራ። ንስሐ ለሁላችንም ይገባል፤ የጠቆረ ፍሬ ግን ጎረቤትዎ በእርስዎ ላይ የሚፈርድበት ማስረጃ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ ኃጢአት ደጋግሜ እወድቃለሁ። «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለውን ይዤ መኖር እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ቃል የተነገረው ጳውሎስ ሦስት ጊዜ «አርቅልኝ» ብሎ ስለ ለመነው የሥጋ መውጊያ ነው (2ኛ ቆሮ. 12)። መውጊያው ሥቃይ ነው፣ በደል አይደለም። ድካምና ኃጢአትን አታምታታ። መድከም፣ መታመም፣ መፈተን ኃጢአት አይደሉም፤ ድካሙን ምክንያት አድርጎ መተኛት ግን ወደ ኃጢአት ይወስዳል።

መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ውድቀቱን ቀድሞ የሚመጣውን አስተውል፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮህ ያለውን ሰው። ብዙ ጊዜ በሩ አንድ ነው፣ እሱን መዝጋት ይቻላል። ከዚያ ለንስሐ አባትህ ድርጊቱን በስሙ ጥራ፤ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ተናገር። የሌላ ሰው ስም አታንሣ፣ ሰበብም አታብዛ። የሚሰጥህ ቀኖና በአቅምህ የሚለካ ነው። ስግደቱ ወይም ጾሙ ከከበደህ ተመልሰህ ንገራቸው፤ ያስተካክሉልሃል። በድብቅ መተው ነው የሚጎዳው።

ሰውን ከንስሐ የሚያስቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ «ትንሽ ልንጻና እሄዳለሁ» ማለት ነው፤ ድኜ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ እንደማለት። ሁለተኛው በኀፍረት የንስሐ አባት መቀያየር ነው፤ አዲሱ አባት የበሽታውን ታሪክ አያውቁትም። ምሳሌ 24፥16 «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ይላል፤ መነሣቱን በዚያው ቀን አድርገው።

ጥያቄ፦ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሬ ጸበል ገባሁ። መድኃኒቱን መቀጠል አለማመን ነው ይሉኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ አታቋርጪ። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው። ሁለት ወር ላይ ሳሉ ሲተውና ክብደት ሲጨምር የዳንሽ ይመስልሻል፤ የቀረው ተህዋስ ግን መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል፣ ለቤተሰብሽም ይተርፋል። ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰጂ። ሲራክ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጳውሎስ በእጁ ብዙ ድውያን ተፈውሰው ሳለ የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶታል (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ጥሮፊሞስ አላመነም ያለው የለም። ስለ ጾሙም ለንስሐ አባትሽና ለሐኪምሽ ንገሪ፤ በሽተኛ በጾም አይገደድም።

ጥያቄ፦ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ስናወራ «ኢንሻአላህ» ይላሉ። የእኛ መጽሐፍ ስለዚህ ምን ይላል?

መልስ፦ ያዕቆብ 4፥15 «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን» በሉ ይላል። በእኛ አፍ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ነው። ለማድረግ ያላሰብነውን ቀጠሮ ለመሸፈኛ ግን አንጠቀምበት፤ ስሙን በከንቱ መጥራት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጇ የሞተባትን እናት «ለበጎ ነው» ብል ስሕተት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የሚናገረው ሮሜ 8፥28 እውነት ነው፤ ለቅሶ ቤት በመጀመሪያው ቀን ሲወረወር ግን ድንጋይ ይሆናል። እናቲቱ የምትሰማው «እግዚአብሔር የልጅሽን ሞት ወደደ» የሚል ነው፤ ከላይ ያልነው የቃል መደናገር እዚህ ሰው ያቆስላል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ምክንያት ሲደረድሩ ግን እግዚአብሔር ተቆጣቸው (42፥7)። ጌታ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ስለዚህ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በይና አጠገቧ ተቀመጪ። ውኃ ቅጂ፣ ንፍሮውን አቅርቢ፤ ሰው ሲበተን፣ ከሰልስቱ በኋላ ደግሞ ተመልሰሽ ሂጂ።