አንዴ እምቢ ብሎ መገላገል ይቻላል?

«ድረ-ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ኩኪ ትቀበላለህ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። አንዴ እምቢ ብዬ የምገላገልበት መንገድ የለም?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አለ። ኩኪ ማለት ሳይቱ አንተን ለማስታወስ ብራውዘርህ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ የመረጃ ቁራጭ ናት። ሥራዬ ድረ-ገጽ መሥራት ስለሆነ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ።

በቅድሚያ ያንን መጠየቂያ ሳጥን አትመነው። ሳይት እንድፈትሽ ሲሰጠኝ የብራውዘሩን «ኔትወርክ» ገጽ (F12 ሲጫን በሚከፈተው የድረ-ገጽ ሠሪዎች መሣሪያ ውስጥ ያለውን) ከፍቼ ምን እንደሚላክ አያለሁ። ብዙ ጊዜ «አልቀበልም» የሚለውን ሳልነካው መረጃው ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሄዷል። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ምን ይረባል? ይህ በጣም ያናድደኛል። እምቢ ማለቻው ራሱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይደበቃል። የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2022 ባሳወቀው ውሳኔ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በዚሁ ነው። መቀበል በአንድ ክሊክ ያልቃል፤ እምቢ ማለት ግን ያንከራትት ነበር።

ስለዚህ ምርጫህ መቀመጥ ያለበት ብራውዘርህ ላይ ነው። ከዚህ በፊት «ዱ ኖት ትራክ» (አትከታተሉኝ) የሚባል፣ ብራውዘሩ ለሳይቶች የሚልከው ምልክት ተሞክሮ ነበር። የሚያስገድድ ሕግ ስላልነበረ አብዛኞቹ ሳይቶች ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ደረጃውን ያዘጋጅ የነበረው ቡድንም በ2019 ተዘጋ።

አሁን ያለው «ግሎባል ፕራይቬሲ ኮንትሮል» ነው፤ በ2020 ነው የወጣው። ብራውዘሩ ገጽ ሲጠይቅ «ሴክ-ጂፒሲ፦ 1» (Sec-GPC: 1) የምትል አጭር መስመር አብሮ ይልካል። መረጃዬን አትሽጡ፣ ለሌላ አታጋሩ ማለት ነው። ልዩነቱ ከጀርባው ሕግ መኖሩ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጉ የሚመለከታቸው ድርጅቶች ምልክቱን የማክበር ግዴታ አለባቸው። የመዋቢያ ዕቃ ሻጩ ሴፎራ በ2022 1.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በከፊል ይህን ምልክት ችላ ብሏል ተብሎ ነው።

ብሬቭ በሚባለው ብራውዘር ላይ ምልክቱ ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል። ፋየርፎክስ ላይ ሴቲንግ ገብተህ ፕራይቬሲ ከሚለው ሥር ታበራዋለህ። ክሮም ላይ ምልክቱን የሚልክልህን «ፕራይቬሲ ባጀር» የሚባለውን ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫን።

ግን ምልክቱ ጥያቄ እንጂ አጥር አይደለም። ሕግ በሌለበት አገር ሳይቱ ሊንቀው ይችላል። ለዚህ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን፣ ማለትም ከከፈትከው ሳይት ውጭ ሌሎች ድርጅቶች የሚያስቀምጧቸውን፣ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ዝጋቸው። ይህኛው የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ሳጥኑ ብቅ ማለቱን አይተውም፤ ሲመጣ እምቢ በለውና እለፍ።

ምልክቱ መላኩን ለማረጋገጥ ኔትወርክ ገጹን ክፈት፣ ሳይቱን እንደገና ጫን፣ ከሚወጣው ዝርዝር የመጀመሪያውን ነካ አድርገህ ከተላኩት መስመሮች መካከል «Sec-GPC: 1» የምትለውን ፈልግ። ካጣሃት የብራውዘርህን ስም ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።