ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ውሃ ያስታውሳል» ተብዬ የልጄን ፓፍ አቆምኩ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሰባት ዓመት ልጄ አስም አለባት። በየቀኑ በአፏ የምትስበው ፓፍ ስቴሮይድ ነው ሲሉኝ ሱስ እንዳይሆንባት ፈራሁ። ዘመዳችን «30ሲ» የሚል የሆሚዮፓቲ ጠብታ (መድኃኒትን በውሃ ደጋግሞ በማቅጠን የሚዘጋጅ) ሰጠን፤ ውሃው መድኃኒቱን እንደሚያስታውስ በሳይንስ ተረጋግጧል አለን። ፓፉን ካቆምኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። መጀመሪያ ደህና ነበረች፣ አሁን ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ጠብታው እስኪሠራ ልታገሥ?

መልስ፦ አይታገሡ። የታዘዘላትን ፓፍ ዛሬውኑ መልሰው ይጀምሩላት፤ ነገ ለሐኪሟ ያሳይዋት።

ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ስቴሮይድ ሲባል የማይደነግጥ ወላጅ ጥቂት ነው። በፓፍ የሚሰጠው ግን መጠኑ ትንሽ ነው፣ ሥራውም በዋናነት ሳንባ ላይ ነው። ሱስ አያስይዝም። ከወሰደች በኋላ አፏን ትጉመጥመጥ። ቁመቷን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፣ እሱም አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ስለ ውሃው፦ ፈረንሳዊው ዣክ ቤንቬኒስት በ1988 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ፣ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ፕሮቲን) በውሃ ተቀጥኖ ተቀጥኖ ከጠፋም በኋላ የደም ሴሎችን ይቀሰቅሳል ብሎ አሳተመ። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ጆን ማዶክስ ሁለት ሰዎች ይዞ ላብራቶሪው ድረስ ሄደ። የትኛው ብልቃጥ ምን እንደያዘ ሴሎቹን የሚቆጥሩት ሰዎች ሳያውቁ ሙከራው ሲደገም ውጤቱ ጠፋ። «30ሲ» ማለት አንድ እጅ በ99 እጅ ውሃ፣ እንዲህ እየተባለ 30 ዙር ነው። ከ12ኛው ዙር ወዲያ የመነሻው ንጥረ ነገር አንድ ሞለኪውል እንኳ መገኘቱ ያጠራጥራል። የአውስትራሊያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም በ2015 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ ለአንድም በሽታ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም።

መጀመሪያ ደህና የነበረችው በጠብታው አይደለም። ፓፉ ከቆመ በኋላም ሥራው ጥቂት ቀን ይቆያል፤ እሱ ሲያልቅ ሳሉ መጣ። የታዘዘ መድኃኒት ሐኪም ሳይጠየቅ አይቆምም! ጥርጣሬ ሲገባዎት በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብዎት።

አሁን አጥብቄ የምነግርዎት፦ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሃል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ድንገተኛ ነው። ከሁሉም ወላጅን የሚያታልለው ዝምታው ነው። ስታፏጭ የነበረች ልጅ ድንገት ፉጨቷ ቢጠፋና ብትዝል፣ ተሻላት ብለው አያስተኟት። አየር መግባት ሲያቆም ድምፁም ይቆማል። ትንፋሿ ተረጋግቶ፣ እየተጫወተችና እያወራች ከሆነ እውነትም ተሽሏታል። ደክማ፣ ትከሻዋን እያነሣች፣ ሳታወራ ዝም ካለች ግን ማስታገሻውን ፓፍ (የየቀኑን ሳይሆን ሲያፍናት የሚሰጠውን) በስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፏ መካከል በሚገባው ቱቦ፣ እየሰጡ በቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይዘዋት ይሩጡ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን።