ጥያቄና መልስ፦ የሞዴል መጽሔት ምኑ ይነበባል? (አዳማ)

ከውጭ የመጣው ካርቶን ሙሉ አሮጌ የሞዴል (የመኪና፣ የባቡር፣ የአውሮፕላን ትንንሽ ቅጂ መሥሪያ) መጽሔት በአባላት እጅ መዞር ከጀመረ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ሁላችሁም በየሰፈራችሁ ወይም በየከተማችሁ ስም ጠይቁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ፕላን (የልኬት ሥዕል) ፎቶኮፒ ያደረገ ሰው ከመቁረጡ በፊት ስኬል ባሩን፣ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን የመለኪያ መስመር፣ በማስመሪያ ይለካ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ማለቴ አይቀርም።

ከደምበላ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። እኔ እንግሊዝኛ ላይ ደከም እላለሁ። ፎቶውን አይቼ ነው የምዘጋው። ምኑን ላንብብ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ፎቶ ማየትህ ጥሩ ነው። ግን የትኛውን ነው የምታየው? ሁሉም ሰው ያለቀውን፣ ተቀብቶ ያማረውን ያያል። አንተ ገና ቀለም ያልነካው ሞዴል ፎቶ ላይ ቆም በል። ሥራው በሙሉ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ግራጫው የኪቱ፣ ማለትም ፋብሪካው ለመገጣጠም በሳጥን የሚሸጠው ሞዴል፣ ፕላስቲክ ነው። ነጩ ገንቢው ከፕላስቲክ ሉህ ቆርጦ የጨመረው ነው። ቢጫው በአሲድ የተቀረጸ ናስ ነው። ቀጭኑ ቀይ ሽቦ ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ መዳብ ነው። ኪቱ ምን እንደጎደለውና ሰውዬው በምን እንደሞላው ያለ አንድ ቃል ታነባለህ። ቀለም ሲቀባ ይህ ሁሉ ይሸፈናል። ከዚያ ከፎቶው ሥር ያለችውን አጭር ጽሑፍ በስልክህ ተርጉማት። ዋናው ጽሑፍ ቢቀርም ብዙ አያመልጥህም።

ከፍራንኮ፦ የትኛው መጽሔት ነው አሪፍ?

መልስ፦ ለምኑ? ለታንክ? ለባቡር? ለመርከብ? ለይተህ ጠይቀኝ።

ከገንደ ጋራ፦ ጋሼ፣ አንዳንዱ እትም መሀሉ ላይ የመስመር ሥዕል አለው። አንድ ተሽከርካሪ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ ተስሎ። ሌላው ዘሎት ሲያልፍ አያለሁ። ለምን ያገለግላል?

መልስ፦ እንኳን ጠየቅሽ። ከመጽሔቱ ሁሉ አንድ ገጽ ብቻ አስቀር ብባል እሱን ነው የማስቀረው። ኪት የሚገጣጥም ሰው ፋብሪካው የሸጠለትን ብቻ ነው የሚሠራው። ፕላን ማንበብ የቻለ ሰው ግን ማንም ኪት የማይሸጥለትን ይሠራል። የኛን ጋሪ፣ የኛን ቅጥቅጥ አይሱዙ፣ የኛን ባጃጅ በሳጥን አሽጎ የሚልክልን የለም።

ፕላኑ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ስኬሉ ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ። 1/87 ከሆነ 10 ሜትር ወረቀቱ ላይ 115 ሚሊ ይሆናል። 1/72 ከሆነ 139 ሚሊ። ከሥዕሉ ሥር ያለችው ባር ለዚህ ናት። ከፒዲኤፍ ስታትሚ ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር ላመጣጥን ብሎ ትንሽ ይቀንሰዋል። 3 ወይም 4 በመቶ ቀላል ይመስላል። ከ30 ሴንቲ ላይ ግን 1 ሴንቲ ገደማ ይበላል። በር አይገጥምም፣ ጣሪያ ያጥራል። ስለዚህ ባሩን ለኪ።

ቀጥሎ ጎኑንና የላዩን አስተያዪ። ከጎን ቀጥ ያለ መስመር የሚመስለው ከላይ ሲታይ ጥምዝ ሊሆን ይችላል። ጀማሪ ላይ የማየው ዋና ስህተት ከጎኑ ሥዕል ብቻ መቁረጥ ነው።

ከዚያ የራስሽን ፕላን ሳዪ። ጋሪ ካማረሽ ባለቤቱን አስፈቅደሽ በሜትር ለኪ። ጎማው የመኪና ጎማ ስለሆነ ልኩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 175/70 አር 13 ቢል፣ ስፋቱ 175 ሚሊ ነው። የጎኑ ቁመት የዚያ 70 በመቶ ነው፤ ከላይና ከታች ሲደመር 245 ሚሊ። ሪሙ 13 ኢንች፣ ማለትም 330 ሚሊ። ድምሩ 575 ሚሊ ነው። በ1/24 ስትሠሪው የ24 ሚሊ ጎማ ማለት ነው። ሜትርሽን ረስተሽ እንኳ ብትሄጂ ይህን አንብበሽ መመለስ ትችያለሽ።

ቤት ከሆነ ብሎኬት ቁጠሪ። ብሎኬት 40 በ20 ነው፤ ግድግዳው ስንት ረድፍ እንዳለው ከታወቀ ቁመቱ ታወቀ። የፈረንጆቹ መጽሔቶች ጡብ እየቆጠሩ ነው የሚያስተምሩት። ዘዴው ያው ነው።

ከሚጊራ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ዩቲዩብ እያለ በዚህ ዘመን ወረቀት ምን ያደርጋል? ብሩሹን እንዴት እንደሚይዘው በዓይኔ እያየሁ።

ከሀዋሳ፦ ዳታው በስንት ብር ነው ወንድሜ? የ40 ደቂቃ ቪዲዮ አይተህ የምትፈልጋት ነገር 1 ደቂቃ ናት።

ከሚጊራ፦ አሳልፈህ እያት። ደግሞ መጽሔቱም በነፃ አልመጣም።

ከሀዋሳ፦ መጽሔቱ አንዴ ከመጣ 20 ሰው ያነበዋል። እኛ እዚህ የቀበሌ ቤት በረንዳ ላይ ዘርግተን ነው የምንሠራው።

ከሚጊራ፦ ሀዋሳ እርጥበቱ ወረቀቱን አይጨርሰውም?

መልስ፦ ቆይ ቆይ። የእጅ እንቅስቃሴ ለመማር ቪዲዮ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ልጁ እውነቱን ነው። ልኬት ግን ከቪዲዮ ላይ አይወሰድም። ካሜራው ያጣምመዋል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከሞጆ፦ የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ከአዳማ ጣቢያ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። መጽሔቶቹ ላይ ያለው ሁሉ የአሜሪካና የአውሮፓ ነው። ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ በጣም ይጠቅምሃል። ሞዴል ሬይልሮደር እ.ኤ.አ. ከጥር 1934 ጀምሮ የሚታተም መጽሔት ነው። አንባቢው የሚወደው የሐዲድ አዘረጋጁን ፕላን ነው፤ ጣቢያው የት፣ ማዞሪያው የት፣ ጠረጴዛው ምን ያህል። ያንን አጥና፤ ከዚያ የኛን ቁጥር አስገባበት።

የኛ ቁጥር ይኸውልህ። የድሮው መስመር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዲሱ መስመር 1435 ሚሊ ነው። በ1/87 ስታሰላው አዲሱ 16.5 ሚሊ ይመጣል። ይህ በየሱቁ የሚሸጠው የተለመደው የኤችኦ (የ1/87 ስኬል መጠሪያ) ሐዲድ ነው። የድሮው 11.5 ይመጣል፤ የሞዴል ፋብሪካዎች 12 ሚሊ አድርገውታል። ስለዚህ የተለመደውን ሐዲድ ገዝተህ የድሮውን ባቡር ብታቆምበት ገና ሲታይ ያስታውቃል። ሐዲዱ ይሰፋል፣ ባቡሩ የተንፈራጠጠ ይመስላል።

12 ሚሊ ሐዲድ ካጣህ በ1/120 ለሚሠሩት የሚሸጠው ሐዲድም 12 ሚሊ ነው። ችግሩ ከሐዲዱ ሥር ያለው አግዳሚ ነው፤ ለ1/87 ያንሳል፣ በጣምም ይቀራረባል። አንዳንዱን አውጥተህ ማራራቅ ወይም ራስህ ከቀጭን እንጨት መቁረጥ አለብህ። የድካሙን ያህል ያምራል።

ከሐዲዱ ሥር ለሚፈሰው ጠጠር ከውጭ የሚመጣ ከረጢት አትጠብቅ። የአዳማ ዙሪያ ምድር በሙሉ የእሳተ ገሞራ ነው። ሬድ አሽና ፑሚስ በየግንባታው ተከምሯል። አስፈቅደህ እፍኝ ውሰድ፣ ሰብረው፣ በሻይ ማጥለያ ንፋው። በቀጠነ ነጭ ኮላ ይያዛል።

አዲሱን መስመር የሚሠራ ካለ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መሆኑን አይርሳ። ከላይ ሽቦና ምሰሶ ይፈልጋል። ጣቢያ አካባቢ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ፕላን ካተማችሁም ባሩን ለኩ።

ከፍራንኮ፦ ለጀማሪ ጥሩ የሚባለው መጽሔት የቱ ነው?

መልስ፦ አሁንም ለምኑ እንደሆነ አልነገርከኝም። ዝም ብሎ ጥሩ የሚባል የለም። ለሁሉም ዓይነት ፕላስቲክ ኪት ከሆነ ፋይንስኬል ሞዴለር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ በብዛት ያለው እሱ ነው። ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም።

ከቢሾፍቱ፦ ድሪምላይነር በ1/144 ስንት ይሆናል? የኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ምርጥ ኪትስ?

መልስ፦ ድሪምላይነር 787-8 ርዝመቱ 56.7 ሜትር ነው፤ በ1/144 ከ39 ሴንቲ በላይ። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 42 ሴንቲ ገደማ። ዝቬዝዳ የሚባለው የሩሲያ ኩባንያ ኪት አለው። ኤፍ 5 ላይ ከኔ የተሻሉ አባላት አሉ፤ በተለይ ከናንተ ሰፈር።

ከደምበላ፦ ታንኩ ሁሉ 1/35 የሆነው ለምንድን ነው? 35 ለስሌት የማይመች ቁጥር ነው እኮ።

መልስ፦ ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ አድርጎ ሠራ። መጠኑ የተወሰነው ሞተሩና ባትሪው ውስጡ እንዲገባ ተብሎ ነው። ቆይተው ሲያሰሉት 1/35 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ሞዴሉ ተወደደ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። 1/72 ግን ስሌት አለው፤ 1 ኢንች 6 ጫማ ነው።

ከወንጂ፦ አንባቢዎች የሚልኳቸው ትንንሽ ዘዴዎች ያሉበትን ገጽ በጣም ወድጄዋለሁ። እውነት ይሠራሉ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ይሠራሉ። እኔም መጽሔት ስይዝ ቀድሜ የምገልጠው እሱን ነው፤ የሚጽፈው ሞክሮ ያየ ሰው ስለሆነ። አንዱን ልንገርሽ። ዲካሉ፣ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው የጽሑፍና የምልክት ወረቀት፣ ሲያረጅ ይቢጫል። ነጩ ጽሑፍ የሻይ ቀለም ይይዛል። ወረቀቱን ጥርት ባለ ፕላስቲክ ከረጢት አሽገሽ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፊው። ፊቱ ወደ ፀሐይ ይሁን። ከቀናት በኋላ ቢጫው ይለቃል። ፈረንጆቹ በክረምት ፀሐይ እየጠበቁ ነው የሚያደርጉት፤ እኛ ጋ ፀሐይ ሞልቷል። በየቀኑ እያየሽ ግን፤ ቀለሞቹ እንዳይደበዝዙ።

ሌላው፦ መስኮትና መስታወት በሱፐር ግሉ አትለጥፉ። ትነቱ ፕላስቲኩን ጉም ያለብሰዋል። ነጭ ኮላ ይበቃል።

ከሚጊራ፦ ፎም በማስቲሽ ለጠፍኩት፣ ቀለጠ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማስቲሽ ፎም ይበላል። ነጭ ኮላ። ዱኮና የሱ ቲነርም የኪት ፕላስቲክ ላይ እንደዚያው ነው። በብሩሽ የሚቀባ ዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥን፤ መጀመሪያ ትርፍ ፕላስቲክ ላይ ሞክር።

ከሞጆ፦ መጽሔቶቹ ግን ዝገትና ጭቃ አያበዙም? ሁሉ ነገር ከጦርነት የተመለሰ ነው የሚመስለው።

ከፍራንኮ፦ ትክክል። የኛ ሰፈር ሚኒባስ በየማለዳው ይታጠባል።

ከሞጆ፦ ሚኒባሱን ተወው፤ ሲኖ ንጹሕ አይተህ ታውቃለህ?

ከፍራንኮ፦ ሲኖ ለብቻው ነው። ሞዴል ግን ማማር አለበት ባይ ነኝ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከመንገድ ዳር ቁሙና እዩ። መጽሔቱ ላይ ያለው ጭቃ የአውሮፓ ጭቃ ነው፤ እርጥብና ጥቁር። የኛ አቧራ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ደረቅ። ነፋሱ ለንፋስ ተርባይን የበቃ ከተማ ነው፤ አቧራው የትም ይገባል። አንድ ሲኖ ከኋላ ተመልከቱት። መላው አቧራ ለብሷል። የፍሬን መብራቱ ላይ ግን ረዳቱ በጨርቅ የጠረገው ክብ ቦታ አለ። ጠርዙ ላይ የጣት መስመር ይታያል። የበሩ እጀታ ዙሪያ ደግሞ የእጅ ወዝ አጥቁሮታል። ይህን የጻፈ መጽሔት የለም። ከመጽሔቱ የምትወስዱት ዘዴውን ነው፤ ደረቅ ብሩሹን፣ የቀጠነ ቀለም ማፍሰሱን። ቀለሙን ከራሳችሁ መንገድ ውሰዱ።

ከሀዋሳ፦ የኪት ግምገማውስ ይታመናል? ሁሉን ያሞግሳሉ።

መልስ፦ ሳጥን ከፍቶ ብቻ የጻፈውን ዝለለው። ገጣጥሞ የጻፈውን አንብብ። ክንፉ የቱ ጋ እንዳልገጠመ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ከእውነተኛው ልክ ምን ያህል እንደራቀ ከጻፈ ሰውዬው ሠርቶታል።

ከገንደ ጋራ፦ ጋሼ፣ አሁን ለካሁት። 115 መሆን የነበረበት ባር 111 ሆነ።

መልስ፦ ጎበዝ። 115ን ለ111 አካፍዪ፤ 103.6 በመቶ አድርገሽ እንደገና አትሚ። ቁመቱንም ወርዱንም ለኪ፤ አንዳንድ ማሽን በአንድ በኩል ብቻ ይስባል።

ከፍራንኮ፦ እሺ ጋሼ፣ ለአውቶብስ። ለአውቶብስ የትኛው መጽሔት?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቀኝ! ለቅጥቅጥ የተዘጋጀ የለም። የጭነት መኪና ሞዴል በ1/24 የሚሠሩ ሰዎች ጽሑፍ ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ሻሲውን ከዚያ ታገኛለህ። አካሉን ግን ገራዥ ሄደህ ሲቀጠቀጥ ማየት አለብህ። ላሜራው ከመልበሱ በፊት አጽሙ ሲቆም ፎቶ አንሳ፤ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ አንድ ሰው አጠገቡ አቁመህ። ፎቶዎቹን እዚህ አምጣቸው፤ ፕላኑን አብረን እንስላለን።

ከወንጂ፦ ሽፋኑን ቆርጬ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ቅር ይላችኋል?

መልስ፦ ካርቶኑ የጋራ ነው፤ አትቁረጪ። ፎቶ አንስተሽ አሳትሚው።