ከየቤታችሁ ለምትቀርጹ የሙዚቃ ክበብ ልጆች

ይድረስ በድሬዳዋና በሐረር ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ላላችሁ ሁሉ፣

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ለጊዜው ከተዘጉ ወዲህ ከየቤቱ ተቀርጾ የሚገጣጠም ሙዚቃ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። አንዱ ድሬ ሳቢያን፣ ሌላው ከዚራ፣ ሦስተኛው ሐረር ጀጎል ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዜማ ሲጫወቱ ማየት ደስ ይላል። ሳይሰምር ሲቀር ግን ጣታችን የሚቀሰረው ኤዲት ባደረገው ልጅ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የተበላሸው ማንም ስልኩን ሳይከፍት በፊት ነው፤ ስለዚህ የምጽፍላችሁ በይበልጥ ስለ ዝግጅቱ ይሆናል።

በቪዲዮ ጥሪ አንድ ላይ በቀጥታ እንጫወታለን የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ተዉት። ድምፅ በአየር 10 ሜትር ለመጓዝ 29 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ተጫዋቾች ሳይደናቀፉ የሚችሉት መዘግየትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጥሪው ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዜማው እየተጎተተ ይሞታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀርጻል፤ የሚሰሙት ግን አንድ ድምፅ ነው፤ እሱንም ጋይድ እንበለው።

ጋይዱን የሚሠራው መምህሩ ወይም ምቱ የማይናወጥ ልጅ ይሁን። ለ4/4 የሜትሮኖም (የምት ቆጣሪ) ጠቅታ ይበቃ ይሆናል፤ ለችክችካ ግን አይበቃም። ችክችካ 6/8 ስለሆነ ስድስቱን ምት ሦስት ሦስት አድርጎ የሚሰማ አለ፣ ሁለት ሁለት አድርጎ የሚሰማም አለ። ጠቅታው ወደ አንዱ ሲያደላ ሌላው ክብደቱን ያለቦታው ይጥለዋል፤ ሲገጣጠምም ከበሮው ሌላ፣ ጭብጨባው ሌላ ይሆናል። የሚሻለው ከበሮ መቺው ከጠቅታ ጋር ሙሉውን ዜማ አስቀድሞ እንዲቀርጽ፣ በላዩ አንድ ልጅ ዜማውን በክራር ወይም በኪቦርድ እንዲጫወትበት ማድረግ ነው። መግቢያው ላይ የሁለት ባር ቆጠራ ይኑር። ሙዚቃው በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ በሰው ድምፅ ቁጠሩበት። ዝም ያለ ረጅም ዕረፍት ከተተወ አሥሩ ልጅ አሥር ቦታ ላይ ይገባል። የመጨረሻው ድምፅ ስንት ምት እንደሚቆይም በጋይዱ ላይ ይነገር፤ ይህ ሁልጊዜ ይረሳል።

ቀጥሎ መቃኘት። ቅኝቱ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ መነሻ ድምፁ የሁሉም አንድ መሆን አለበት። ዋሽንት ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ። የክራርና የማሲንቆ ክር ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ዋሽንት ግን ርዝመቱ የወሰነለትን ነው የሚሰጠው፤ በትንፋሽ የምታስተካክሉት ጥቂት ነው። ዋሽንተኛው አምስት ደቂቃ ነፍቶ ካሞቀ በኋላ አንድ ረጅም ድምፅ ቀርጾ ይላክ፤ በስልክ መቃኛ ለኩትና ጋይዱን በዚያ ሥሩት።

በተለይ ሁለቱ ከተሞቻችን አንድ ላይ ሲቀርጹ ሙቀት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ድሬ 34 ዲግሪ፣ ሐረር 20 ዲግሪ ቢሆን የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይለያያል። ይህ በቀመር ሲሰላ በትራምፔትም ሆነ በዋሽንት ላይ የድሬውን ድምፅ 40 ሳንቲም ገደማ ያቀጥነዋል፤ ሳንቲም እዚህ ላይ የቅኝት መለኪያ ነው፣ ግማሽ ድምፅ 100 ሳንቲም ነው። ትንፋሻችሁ መሣሪያውን ሲያሞቀው ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ትራምፔት ማስተካከያ ቱቦውን ስቦ ያወርዳል። ዋሽንተኞች ግን ሁለት ከሆኑ አንድ ከተማ ያሉትን ብትመርጡ ይሻላችኋል። ክራር ደርዳሪው ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት እንደገና ይቃኝ።

ክፍሉን በሚመለከት የሐረር ልጆች ታድላችኋል። ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ምንጣፍና ትራስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰፌድና ሞሰብ ያለበት የሐረሪ ቤት ገንዘብ ከፍለው የሚያሠሩትን ስቱዲዮ ያህል ማሚቶ ይገድላል። ድሬ ላይ ግን ቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ይበዛል። ከጀርባችሁና ከጎናችሁ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀሉ፣ ፍራሽ አቁሙ፤ ከክፍሉ ጥግና ከመሀሉም ራቁ። ከተማው ከምሳ በኋላ ጸጥ ይላል ብላችሁ ያኔ ለመቅረጽ ብታስቡ ጣሪያው በሙቀት ይንጣጣል። ቬንትሌተሩን ካጠፋችሁት ያልባችኋል፤ ካበራችሁት ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጁ ሲቀንስ፣ አዛኑም ሲያልፍ፣ ፍሪጁን ነቅላችሁ ቅረጹ። ስትጨርሱ ፍሪጁን መልሳችሁ ሰኩ፤ እናቶቻችሁ ስለ ሥጋው እንጂ ስለ ቀረጻው አይጨነቁም።

ሁለት ስልክ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጋይዱን ያጫውታል፣ ሌላው ይቀርጻል። ማዳመጫው ገመድ ያለው ይሁን። ብሉቱዝ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ሊያዘገይ ስለሚችል እናንተ በትክክል የተጫወታችሁት ዘግይቶ ይገኛል። የሚቀርጸውን ስልክ ኤርፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ዘፋኝ ከስልኩ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ክራርና ማሲንቆ ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ከበሮና ትራምፔት 2 ሜትር ይራቁ፤ የትራምፔቱ አፍ ስልኩን ፊት ለፊት አይመልከት። ከሁሉ የሚጮኸውን ቦታ ቀርጻችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ ከተሰበረ ራቁ። የተሰበረን ድምፅ ልክ እንደነበረ የሚመልስ ፕሮግራም አለ ቢሏችሁ አትመኑ።

ለማገጣጠሚያ ብዙዎች በቆጠራው ላይ ያጨበጭባሉ። መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም እጅም ራሱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። የተሻለው ቆጠራው ሲጀምር ማዳመጫውን ከሚቀርጸው ስልክ ማይክ ጋር አስጠግታችሁ የመጀመሪያውን ባር ማስቀረጽ፣ ከዚያ ጆሮ ውስጥ መክተት ነው። ለዚህ ጊዜ እንዲበቃችሁ ቆጠራውን ወደ አራት ባር አርዝሙት። ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ያንን ጠቅታ ከጋይዱ ጠቅታ ጋር ሲያስተኛ ሥራው ግማሽ አለቀ።

አንድ ላይ ለሚዘምሩ ደግሞ የአማርኛ ጠባይ አለ። ጥ፣ ጭ፣ ጵ እና ቅ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ልጅ በትንሽ በትንሹ ተለያይቶ ሲላቸው በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይሰማል። ሁለት ልጆች ብቻ አጥብቀው እንዲሏቸው፣ ሌሎቹ እንዲያለዝቧቸው አስቀድማችሁ ተስማሙ። በስንኝ መጨረሻ ላይ ለሚመጣ ስ እና ሽም እንዲሁ።

ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩ። የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ጥራቱም ይሄዳል። ያልተጨመቀ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ድምፅ በሰከንድ በ48,000 ናሙና፣ በ16 ቢት ሲቀረጽ በደቂቃ 6 ሜጋ ባይት አይሞላም፤ ቪዲዮው ግን በደቂቃ ከ60 ሜጋ ባይት በላይ ሊወስድ ይችላል። ኔትወርኩ ከተዳከመ ድምፁን ዛሬ ላኩ፣ ምስሉን በፍላሽ በሚኒባስ ላኩት። ሁላችሁም አንድ የናሙና መጠን ተጠቀሙ። በ48,000 የተቀረጸ እንደ 44,100 ከተነበበ ዜማው ይንቀራፈፋል፣ ቅኝቱም ከግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል፤ ያኔ የዘፋኙ ጥፋት ይመስላችኋል።

ለማቀናበር ነፃ የሆነው ኦዳሲቲ ይበቃችኋል። ቀረጻዎቹን አስተኙ፣ ከዘፋኞች ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማሚቶ) ስጡ፤ የተለያየ ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ ከተለየ ቤት መቅረጹን ያሳብቃል። በመጀመሪያው ሥራ ከስምንት ልጅ አትለፉ። ያለቀውን በማዳመጫ ብቻ ሳይሆን በስልኩ ድምፅ ማጉያም ስሙት። ወላጆቻችሁ የሚሰሙት በዚያ ነው፤ የከበሮው ወፍራም ድምፅ እዚያ ስለሚጠፋ ቀጭኑን ትንሽ ከፍ አድርጉለት።