የላይኛው ፎቅ ላይ ስትጮህ እኔ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከኛ በላይ ያለው ሰውዬ ሚስቱን ይመታል፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ብሎኩ ሙሉ ይሰማል ግን ሁሉም ዝም። ሰውዬው ደግሞ ጠዋት ሰላም ብሎ ነው የሚያልፈው፣ የእድራችን አባል ነው፣ ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። በቅርቡ መስሪያ ቤታችን አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ስለ ጾታዊ ጥቃት ትሬይኒንግ ሰጥታን ነበር፣ ወንዶች ከሴቶች ጎን ቁሙ አለች፣ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ግን ማታ አምስት ሰዓት ላይ ጩኸቱ ሲጀምር ጎን መቆም ማለት ምን ማድረግ እንደሆነ ጠፋኝ። ገብቼ ልደባደብ? ፖሊስ ልጥራ? ባለቤቴ የባልና ሚስት ነገር ነው አትግባ ትላለች። ለመሆኑ ይሄ ወንዶችን ማስተማር የሚባለው ነገር ውጤት አለው ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለጠየቅክ አመሰግንሃለሁ። ጎረቤቶችህ ዝም የሚሉት ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ላታኔና ዳርሊ የሚባሉ ሁለት የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ሙከራ፣ አደጋውን የሚሰማው ሰው ብዙ በሆነ ቁጥር እያንዳንዱ "አንዱ ይነሳል" ብሎ እንደሚቀመጥ አሳይተዋል፣ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፣ አራት ፎቅ ሰው አንድ ላይ ይሰማና አራት ፎቅ ሰው አንድ ላይ ይጠብቃል።

መደባደቡን ተወው። አንተ ስትወርድ እሱ በሩን ይዘጋል፣ የተዋረደበትን የሚያወራርደው እሷ ላይ ነው፣ "ምንሽ ነው?" ብሎ ሌላ ሰበብም ያገኝባታል። ሕንድ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ "ቤል ባጃኦ" የሚል ዘመቻ ተጀምሮ ነበር፣ "ደወሉን ደውል" እንደማለት ነው፣ ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ ሄዶ በር ይደውልና የማይረባ ነገር ይጠይቃል፣ አንድ ስኒ ወተት ምናምን። እዛ ቤት ያለው ሰው ሰው እንደሰማው ያውቃል፣ ዱላውም በመሃል ይቆማል። እናንተ ጋ ደግሞ ሰበብ አይጠፋም፣ "ውሃ መጣ፣ ቅዱ" ብሎ ማንኳኳት ይበቃል፣ ብቻህን ግን አትሂድ፣ ከባለቤትህ ወይ ከሌላ ጎረቤት ጋር ሂድ። ስለት ካለ፣ እገላታለሁ ካለ፣ ወይ ጩኸቱ ድንገት ጸጥ ካለ ማንኳኳቱን ትተህ ወዲያው ለፖሊስ 991 ደውል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛና አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በግልጽ ወንጀል ብሎታል፣ ስለዚህ ባለቤትህን በፍቅር አስረዳት፣ ሕጉ ከገባበት ጎረቤትም ሊገባበት ይችላል።

በማግስቱ የሚሠራው ሥራ የባለቤትህ ነው፣ እሷ እንድትረዳህ የምፈልገውም ለዚህ ነው። ሴትዮዋን ብቻዋን ስታገኛት፣ ልብስ ስታሰጣ ይሁን ወፍጮ ቤት፣ "እንሰማለን፣ ምን ብናደርግልሽ ይሻልሻል?" ትበላት። ፍቺው አትበላት፣ ቻይውም አትበላት። አብረሽን እደሪ የምትባልበት ቤት፣ መታወቂያዋንና የልጆቹን ወረቀት የምታስቀምጥበት ቦታ፣ ስልኳ ቢወሰድ የምትደውልበት ሰው፣ እነዚህ ትንንሽ ይመስላሉ ግን ነፍስ ያድናሉ። ሽማግሌ የምትልኩት እሷ ከፈለገች ብቻ ነው። ሳትጠየቅ የተላከ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ እሷን አስታርቆ ወደዛው ቤት ነው የሚመልሳት፣ እኔ በዚህ በጣም ነው የማዝነው።

አሁን ወንዶችን ማስተማር ውጤት አለው ወይ ላልከው። ቡታጅራ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ ያወጣው ጥናት ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በዕድሜያቸው ከዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አግኝቷል። እዛው ጉራጌ አገር ከዓመታት በኋላ የሃርቫርዷ ተመራማሪ ቫንዳና ሻርማ፣ ከኛ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ንጉሴ ደየሳ ያሉበት ቡድን በ64 መንደሮች አንድ ነገር ሞከረ። ቡና እየተፈላ 14 ጊዜ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ንዴት፣ ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ኤችአይቪ። አንዳንዱ መንደር ወንዶቹ ብቻ፣ አንዳንዱ ሴቶቹ ብቻ፣ አንዳንዱ ባልና ሚስት አንድ ላይ፣ የቀሩት ደግሞ ለማነጻጸሪያ ትምህርቱን ያልወሰዱ። ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ ሲወጣ፣ ወንዶቹ በተማሩበት መንደር ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ ፈጸምን ያሉት ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ፣ ሴቶቹ ብቻ በተማሩበት ግን እንዲህ አልታየም። ድብደባው ላይ ያን ያህል ግልጽ ለውጥ ስላልታየ ሁሉንም ይፈታል አልልህም። ግን እስከዛሬ ሴቷን ጠርተን "ራስሽን ጠብቂ" ስንል ለኖርን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፣ የሚመታው ሰውዬ ሳይጠራ እሷ ብቻዋን ተምራ ምን ታድርግ?

አንድ የሚያሳምም ቁጥር ደግሞ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ወጥ በማሳረር፣ ሳይነግሩ በመውጣት፣ በመከራከር፣ እንዲህ ባሉ ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ትክክል ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው፣ ወንዶች 28። እና "እሷም እኮ ምንም አላለችም" የሚል ሰው ሲገጥምህ ይሄን አስታውስ፣ ዝም ያለችው ዝም በይ ተብላ ስላደገች ነው።

ሰውዬውን ማን ያናግረው? ጃክሰን ካትዝ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1993 እ.ኤ.አ ቦስተን ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወንዶች በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን እንዲያስቆሙ የሚያስተምር ፕሮግራም ሲጀምር የመረጠው ስፖርተኞችን ነው፣ ምክንያቱም ጓደኞቻቸው ይሰሟቸዋል፣ አንዱ "ይሄ ነውር ነው" ሲል ሌላው ያፍራል። ጎረቤትህም ከነገርከኝ ክብሩን የሚወድ ሰው ይመስላል። እድር ውስጥ እሱ የሚያከብረው አንድ ሰው ፈልግ፣ ግን መጀመሪያ ሴትዮዋ ትስማማ፣ ጉዳዩ ከሷ አፍ እንደወጣ እንዳይመስለው "ግድግዳው ስስ ነው፣ እንሰማለን" ብሎ ይጀምር። ባጃጅ ተራ ላይም፣ ኳስ እያያችሁም፣ "ሴት ካልተመታች" የሚል ቀልድ ሲመጣ አትሳቅ፣ እኔ አይመቸኝም በል። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የመጀመሪያ ቀን ብቻህን ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነኝ። ታናሽ እህቴ ከሥራ ስትመለስ ተደፈረች፣ አልናገርም ብላ ተኝታለች። መጀመሪያ የት ልውሰዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ጤና ተቋም፣ ቅርባችሁ ያለው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል ግን እሱም ቶሎ ነው። ከቻለች ሳትታጠብ ትሂድ፣ የለበሰችውን በወረቀት ከረጢት ያዢላት፣ ፌስታል ያበላሸዋል። ታጥባም ከሆነ ምንም አይደል፣ ሂዱ። አዲስ አበባ ከመጣችሁ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም ምክሩም ፖሊሱም አንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ። ካረገዘች ደግሞ ሕጉ በመደፈር የመጣን ጽንስ ማቋረጥ ይፈቅዳል፣ የሷ ቃል ይበቃል፣ ማስረጃ አምጪ የሚላት ቢኖር አትፍሪው። ዛሬውኑ ውሰጃት፣ ክሱን በኋላ ትወስናለች።