«ትንሹ» ሃርት አታክ

ጥያቄ፦ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ከእምብርታቸው በላይ ሲያቃጥላቸው ጨጓራ ነው ብለው ተልባ ጠጡ። ሆስፒታል ስንወስዳቸው ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ምንም አላሳየም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን በደም ምርመራ ሃርት አታክ መሆኑ ታወቀ። «ትንሹ ዓይነት ነው» ተብለን በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለስን። ትንሹ ከትልቁ በምን ይለያል? ከእንግዲህስ ምን እንጠንቀቅ? (ከአዳማ)

መልስ፦ «ትንሹ» ባይባል ይሻል ነበር፤ ሕመምተኛውን ያዘናጋል። የረጋ ደም የልብን ጡንቻ የሚመግበውን ሥር ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋው፣ ኢሲጂው ላይ ኤስቲ የሚባለው መስመር ከፍ ይላል፤ «ትልቁ» የሚባለው ይህ ነው። ያኔ ሽሚያው ከሰዓት ጋር ነው፦ ሥሩ በውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛና በስቴንት (ሥሩን ከፍቶ በሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ይከፈታል፤ ይህ በ120 ደቂቃ ውስጥ የማይደረስ ከሆነ፣ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ሳይሞላው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል።

ሥሩ በከፊል ሲዘጋ ግን ኢሲጂው ደህና ሊመስል ይችላል። ጉዳዩን የሚያጋልጠው ትሮፖኒን ነው፤ የተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን። ከፍ እስኪል ጊዜ ስለሚወስድ ደግመው ይለኩታል። የአባትዎ ይህኛው ይመስላል። ዛሬ በከፊል የተዘጋ ሥር ነገ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። (ሥሩ ሳይዘጋ በከባድ ደም ማነስ ወይም በልብ ምት መፍጠን የሚመጣም አለ፤ የዚያ ሕክምናው መንስኤውን ማከም ነው።)

የልብ ምት መዛባት በብዛት የሚያሰጋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። አሁን መጠንቀቅ ያለብዎት ለልብ መድከም ነው። ሰፈር ውስጥ «የልብ ድካም» ሲባል ሃርት አታክንም የልብ መድከምንም ስለሚያጠቃልል ይምታታል፤ ይህኛው የተጎዳው ጡንቻ ደም መግፋት ሲያቅተው የሚከተል ነው። በጠዋት ይመዝኗቸው፤ በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት ካቃታቸው ቀጠሮ አይጠብቁ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ፣ በልብ ውስጥ የተቀደደ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚከሰተው። አፍ መጣመምና የአንድ ወገን መዛል የስትሮክ ምልክት ነው። ከሳምንታት በኋላ አየር ሲስቡ የሚወጋ፣ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ የሚቀል ሕመም ከመጣ ደግሞ የልብ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል።

ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ታዘውላቸው ከሆነ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያቋርጡ። ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይግዙላቸው፤ ልብንም ይጎዳል፣ ያደማልም።

ያ ማቃጠል ተመልሶ 10 ደቂቃ ካለፈው የጨጓራ መድኃኒት አይሞክሩ። አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ከሌለባቸው 300 ሚሊ ግራም አስፒሪን ያኝኩ፤ አምቡላንስ ይጠሩ፤ መኪና እሳቸው አይንዱ።